የጋራዥ ጥያቄና መልስ፦ ፊት ጎማዬ ይግላል፣ ካሊፐሩ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

በዚህ ወር የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፊት ፍሬን ናቸው፣ ክረምቱ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አድርጎት ስለሄደ ብዙም አልገረመኝም። ስለዚ የማርሽና የባትሪ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ጠብቁኝ፣ ዛሬ ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ዕቃ) ላይ ነው የምንውለው። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ የሌሎቻችሁም መልስ ግማሹ እሱ ውስጥ ስላለ ሳትዘሉ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ኮሮላ 2004 ሞዴል አለኝ። የፊት ቀኝ ጎማ ትንሽ እንደነዳሁ ይግላል፣ ቸርኬው እጅ አያስቀምጥም፣ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስስ ይላል፣ መሪውም ወደ ቀኝ ይስባል፣ ቤንዚንም ከወትሮው በላይ እየበላብኝ ነው። ጋራዥ ወስጄ ሸራ ቀየሩልኝ፣ ሳይቆይ ያው ሆነ። አሁን ደሞ ካሊፐሩን ሙሉውን ከሶማሌ ተራ ገዝተህ አምጣ አሉኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ጎሚኒ ብቻ ቀይርለት ይበቃዋል ይለኛል። ማንን ልስማ? ቁልፍ መያዝ ስለማላፍር ራሴ ብሠራውስ ምን ይሉኛል? (ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። ጋራዡም ጓደኛህም ካሊፐሩ መያዙን ሳያረጋግጡ ነው መድኃኒት ያዘዙልህ። ጎማ ጋለ ማለት ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፣ ለምን እንዳልለቀቀ ግን ቢያንስ አራት ምክንያት አለ፣ ካሊፐር ከነሱ አንዱ ነው። ሸራ ቀይረውልህ ወዲያው መመለሱም አይግረምህ፣ ሸራው በበሽታው የተበላ ነው እንጂ በሽታው እሱ አይደለም።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፣ ይሄን ያወቀ ሰው ጋራዥ ገብቶ አይሞኝም። ያንተ መኪና ላይ ያለው ካሊፐር አንድ ፒስተን ያለው ተንሸራታች ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋውና የውስጠኛው ሸራ ዲስኩ ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ይዞ ይመጣል፣ ዲስኩ መሃል ይገባል። እግርህን ስታነሳስ ፒስተኑን ማነው የሚመልሰው? ብዙ ሰው ውስጡ ሞላ ያለው ይመስለዋል፣ የለውም። የሚመልሰው ጎሚኒው ነው። ፒስተኑ የሚገባበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል፣ እዛ ውስጥ ጠርዙ አራት ማዕዘን የሆነ ቀለበት ጎሚኒ ተቀምጧል፣ ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ጠመም ይላል፣ ግፊቱ ሲለቅ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑንም ጎትቶት ይመለሳል። የሚመለሰው ከአንድ ሚሊሜትር በጣም በታች ነው፣ ለዲስኩ ግን ይበቃዋል። እንግዲህ ጎሚኒው ደርቆ ወይ አብጦ ከሆነ፣ ወይ ፒስተኑ ዝጎ ጎሚኒው መጎተት ካቃተው፣ ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ ይውላል፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ፍሬን ረግጠህ ትነዳለህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ነድተኸው ና፣ ሲይዝ ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው፣ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ፣ የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ላላ አድርግ፣ በክሪክ አንሳና ደህና የብረት መደገፊያ ስር አስገባ። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ስር እንዳትገባ፣ ብሎኬት ደርድሮ መግባትም ያው ነው፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ጎማውን በእጅህ አዙረው። አልዞር ካለህ ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ማውጫ ቡሎን በቁልፍ ቀስ ብለህ ላላ አድርጋት። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተፈታልህ ካሊፐሩ አልያዘም፣ ግፊት ነው ታፍኖ የያዘው፣ ስለዚ ሶማሌ ተራ ሄደህ ገንዘብህን አትበትን። ጥፋቱ ወይ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያመጣው የጎማ ቱቦ ነው ወይ ማስተሩ (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋው)። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ከውስጥ ግን አብጦ ቀዳዳው ይጠባል፣ እግርህ በጉልበት ሲገፋው ዘይቱ ያልፋል፣ ሲመለስ የሚገፋው ስለሌለ እዛው ይቀራል። ሁለቱን ለመለየት፣ እንደገና ሲይዝ የጎማ ቱቦውና የብረት ቱቦው የሚገናኙበትን ቦታ ላላ አድርግ፣ እዛ ጋ ስትፈታው ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ከላይ ማስተሩ ጋ ነው፣ እዛ ተፈቶም ካልለቀቀ ግን ካሊፐሩ ላይ ስትፈታው ከለቀቀ ቱቦው ነው። ማስተር ሲሆን ደሞ ብዙ ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ አይዝም፣ ያንተ አይነት መኪና ላይ መስመሩ በሰያፍ ስለተከፈለ የፊት ቀኙና የኋላ ግራው አብረው ይግላሉ፣ እሱንም በእጅህ ዳስሰህ እየው።

ቡሎኗን ከፍተህም ጎማው ንቅንቅ ካላለ ነው እንግዲህ ካሊፐር የምንለው። እሱም ወይ ፒን ነው ወይ ፒስተን። ሸራዎቹን አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የውስጠኛው አልቆ የውጪው ገና ወፍራም ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ቀጥኖ በሌላው ወፍሮ ከሆነ ፒኖቹን ጠርጥር፣ ካሊፐሩ መንሸራተት ስላቃተው ነው። ሁለቱም እኩል ተቃጥለው ካለቁ ፒስተኑን። ፒን ከሆነ እድለኛ ነህ፣ ጎትተህ አውጣቸው፣ የድሮውን ግሪስ ከነቀዳዳው ጠርገህ አጽዳ፣ ለፍሬን ፒን ተብሎ የተሠራውን የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርገህ ቀብተህ መልስ፣ የተቀደደች ጎሚኒ ካለች ቀይር። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ሁለቱ ፒኖች አንድ አይደሉም፣ አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎሚኒ አለው፣ ስለዚ የላይኛውን ከላይ የታችኛውን ከታች፣ አታቀያይራቸው።

ፒስተን ከሆነ ማውረድ ግድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ፒስተኑን ማውጣት ላይ ነው፣ ለምን ቢባል ቱቦውን ቀድሞ ይፈታዋል። አትፍታው። ካሊፐሩን ከቦታው አንስተህ በሽቦ ሞላው ላይ አንጠልጥለው (በራሱ ቱቦ እንዳይንጠለጠል፣ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል)፣ ሸራዎቹን አውጣ፣ ፒስተኑ ፊት ቀጭን እንጨት አድርግ፣ ከስር ሰፊ ሳህን፣ ከዛ ሰው ፔዳሉን ቀስ ቀስ እያለ ይርገጥልህ። ራሱ ፍሬኑ ፒስተኑን ገፍቶ ያወጣልሃል፣ ከዘይት ግፊት የበለጠ ጉልበት ያለው ነገር ቤትህ ውስጥ የለም። የዘይት ማጠራቀሚያው በመሃል እንዳያልቅ እያየህ ሙላ። ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ፔዳሉን ትንሽ ወደታች ገፍተህ በእንጨት ደግፈው፣ ማስተሩ መንገዱን ስለሚዘጋ መንጠብጠቡ ይቆማል። ጎሚስታ ጋ ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉም አሉ፣ ይወጣል፣ ግን በአየር የተገፋ ፒስተን ተስፈንጥሮ ጣት ይሰብራል፣ የግድ ከሆነ አየሩን በጣም ቀንሰው፣ እንጨት ፊቱ ላይ አድርገው፣ እጃቸውን አርቀው ይሁን። በፒንሳ ነክሶ መጎተትማ ፒስተኑን መግደል ነው።

ሲወጣ መጀመሪያ ፒስተኑን እይ። ጎሚኒው ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያሽገው የፒስተኑን ቆዳ ነው፣ ስለዚ ዘይት መያዝ አለመያዙን የሚወስነው የፒስተኑ ገጽ ነው እንጂ የጉድጓዱ ግድግዳ አይደለም። ይሄን የማያውቅ መካኒክ ጉድጓዱን ሲያበራ ውሎ የተበሳሳውን ፒስተን መልሶ ይከተዋል። ጥፍርህን ላዩ ላይ አሂድ፣ የሚይዘው ጉድጓድ ካለ፣ ወይም ክሮሙ ከተላጠ፣ ፒስተኑ ይቀየራል፣ ለብዙ መኪና ለብቻው ወይም ከኪቱ (ከጎሚኒዎቹ ስብስብ) ጋር ይሸጣል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አስተካክለዋለሁ እንዳትል፣ ስስ የሆነውን ክሮም ታነሳዋለህ፣ ከስሩ ያለው ብረት ዝናብ ሳይመታው ይዝጋል። ላይ ላዩን ያለ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ለስላሳ ጨርቅና የፍሬን ዘይት ይበቃዋል።

የድሮውን ጎሚኒ ከቦዩ ስታወጣ ካቻቪቴ አትጠቀም፣ ቦዩን ትቧጭረዋለህ፣ የተሳለ እንጨት ወይ ፕላስቲክ ይሠራል። ከዛ ቦዩን አጽዳ፣ እዚህ ጋ ጊዜህን አጥፋ፣ ማጥፋት ካለብህ። ብዙ ሰው አዲስ ጎሚኒ ከትቶ ‹‹አሁንም ይይዛል›› የሚለው ቦዩ ስር የተጋገረ ዝገት ስላለ ነው፣ ዝገቱ ጎሚኒውን ከስር ገፍቶ ፒስተኑን አንቆ እንዲይዘው ያደርገዋል፣ ያኔ አዲሱ ጎሚኒ ከድሮው ይብሳል።

የምታጥብበትን ነገር በተመለከተ ከብዙ ጋራዦች ጋር የምጣላበት ነገር አለኝ። ቤንዚንና ናፍጣ ጣሳ ውስጥ ሁሉም ነገር ይታጠባል፣ ካሊፐሩም፣ አንዳንዴም አዲሱ ጎሚኒ ራሱ። የፍሬን ጎሚኒ የሚሠራው ከኢፒዲኤም ጎማ ነው፣ ይሄ ጎማ ከፍሬን ዘይት ጋር ዕድሜ ልኩን ይስማማል፣ ከቤንዚን፣ ከናፍጣ፣ ከሞተር ዘይትና ከተራ ግሪስ ጋር ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ሲያብጥ ፒስተኑን ይይዛል፣ እና ተመልሰህ ጎማው ይግላል ትላለህ፣ እነሱ ደሞ ‹‹ካሊፐሩ አልቋል ሙሉውን ቀይር›› ይሉሃል። ስለዚ ማጠቢያህ ወይ አዲስ የፍሬን ዘይት ወይ አልኮል ወይ ለፍሬን የተሠራው ስፕሬይ ይሁን፣ መገጣጠሚያውም ከታሸገ ጣሳ የተቀዳ የፍሬን ዘይት ወይም ከኪቱ ጋር የሚመጣው የጎሚኒ ግሪስ። ምንም ጥቁር ግሪስ እዛ አካባቢ አይድረስ።

ኪቱን ከመግዛትህ በፊት ፒስተኑን በካሊበር (ስፋት መለኪያው) አስለካው። ኮሮላ ኮሮላ ስለሆነ ብቻ አንድ አይነት ካሊፐር የለውም፣ በሞተሩና በተሠራበት አገር የፒስተኑ ስፋት ይለያያል፣ ሻጩ ‹‹የኮሮላ ነው›› ብሎ የሚሰጥህ ጎሚኒ በሁለት ሚሊሜትር ከሳተ ጨዋታው አበቃ። የድሮውን ጎሚኒ ኪስህ ይዘህ ሂድ፣ ለግጥምጥም ሳይሆን ለቅርጹ፣ የድሮው ተለጥጦ ሊሆን ስለሚችል ስፋቱን ከፒስተኑ ነው የምትወስደው። አይሲን፣ አድቪክስ፣ አኬቦኖ፣ ሴይከን የሚባሉት የጃፓን ስሞች በፍሬን ዕቃ የታወቁ ናቸው፣ ግን ካርቶን ማንም ያትማል፣ ጎሚኒውን በጣትህ ጠምዝዘው፣ ጠርዙ ስለታም ካልሆነ ወይ የሻጋታ ትርፍ ካለበት ይቅርብህ።

መገጣጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል። ጎሚኒውን ዘይት ቀብተህ ቦዩ ውስጥ በጣትህ አስቀምጠው፣ ዙሪያውን ዳሰው፣ እንዳይጠማዘዝ። የአቧራ መከላከያውን ጎሚኒ እንደ ካሊፐርህ አሠራር ፒስተኑ ላይ ወይ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስገባ፣ ፒስተኑን ቀጥ አድርገህ በአውራ ጣትህ ግፋው። በእጅ ካልገባ አንድ ነገር ተጣሟል፣ አውጥተህ ጀምር፣ በመዶሻ አይገባም። የቱቦው ቡሎን ሁለት የመዳብ ዋሸሮች አሉት፣ ሁልጊዜ አዲስ። ከዛ አየር ማውጣት፣ ሰው እየረገጠ ‹‹ያዝ›› ‹‹ልቀቅ›› እየተባባላችሁ፣ ቡሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ እንዳይለቀቅ። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀም፣ የመኪናውን ቀለም ከነካ ወዲያው በውሃ እጠበው፣ ቀለም ይልጣል። የጎማ ዳዶዎችን በሰያፍ አጥብቅ፣ ለቶዮታ አውቶሞቢል 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ የካሊፐሩን ቡሎኖች ልክ ከመኪናህ መጽሐፍ ውሰድ።

መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ጠጣር እስኪሆን ደጋግመህ ርገጠው። ይሄን የረሳ ሰው ከግቢው ሲወጣ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆንበትና በሩን ይዞት ይሄዳል። ከዛ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎሜትር ዝቅ እያልክ፣ በመሃል እያቀዘቀዝክ ጥቂት ጊዜ ደጋግም፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር ይለማመዳል። ዲስኩም ከዚህ ሁሉ ግለት በኋላ ሰማያዊ ከሆነ ወይ ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከቀጠነ ይቀየራል፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ የሚሠራው ለማስላግ የሚበቃ ብረት ሲኖረው ነው።

ስለዚ ይቀየር ወይስ ይጠገን ላልከው፣ ፒስተንህ ደህና ከሆነ ኪት፣ ፒስተኑ ከተበሳሳ ኪትና ፒስተን፣ የአየር ማውጫዋ ቡሎን ውስጡ ከተሰበረች ወይ የፒኑ ቀዳዳ ከተበላ ነው ሙሉ ካሊፐር። ከሙሉው ደሞ ያገለገለ ካሊፐር ከተፈታ መኪና ብትገዛ የሱም ጎሚኒ ያንተን ያህል አርጅቷል፣ ገዝተኸውም መፍታትህ አይቀርም፣ እንግዲያ የራስህን ብትፈታ ምን አለ? ስትሠራ ግን የግራውንም ሥራው፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መሪው አሁን ደሞ ወደ ሌላ ጎን ይስብሃል። እችለው ይሆን ብለህ ራስህን የምትጠራጠር ከሆነ አንድ ልምድ ያለው ሰው አጠገብህ ይቁም፣ ፍሬን ሙከራ የሚደረግበት ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ሁለቱንም የፊት ካሊፐር ራሴ አውርጄ ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ሁሉንም በንጽህና ነው የሠራሁት፣ አሁን ግን ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ። አየር አውጥቼ አውጥቼ ዘይት ጨረስኩ፣ ሦስቴ ስረግጠው ይጠነክራል መልሶ ይለሰልሳል። ማስተር ነው አሉኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ማስተር ከመግዛትህ በፊት ጎማዎቹን አውልቀህ የአየር ማውጫ ቡሎኖቹ የት እንዳሉ እያቸው። ካሊፐሩ ላይ ከላይ በኩል ካልሆኑ ግራና ቀኙን አቀያይረህ ገጥመሃል፣ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ልክ ስለሚገቡ ሰው አይነቃም። አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ቡሎኗ ከታች ከሆነች ዘይቱ ብቻ ይወጣልሃል አየሩ ጣሪያው ጋ እየሳቀ ይቀመጣል፣ በርሜል ዘይት ብታፈስበት አይወጣም። አቀያይራቸው፣ እንደገና አየር አውጣ።

ቦታቸው ትክክል ከሆነ ደሞ ሸራዎቹ ቤታቸው ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል ወይ የሚለውን እይ፣ የታጠፈ የሸራ ቆርቆሮ ካለ እሱም ፔዳሉን ያለሰልሳል። በሥራው መሃል ማጠራቀሚያው ደርቆ ከነበረ አየር ማስተሩ ውስጥም ስለገባ አራቱንም ጎማ አየር ማውጣት፣ ኤቢኤስ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) ካለውም አንዳንዴ በመመርመሪያ ማሽን ፓምፑን ማስነሳት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ቁጭ ብለህ ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነና የትም የሚንጠባጠብ ከሌለ፣ ያኔ ነው ማስተር የምንለው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው። ቁልፍ መያዝ አልችልም፣ መማርም አልፈልግም 😅 ካሊፐር ኦቨርሆል አደረግን (ፈተን ጎሚኒውን ቀየርን) ብለው አስከፈሉኝ፣ እውነት ሠርተውት ይሁን ዝም ብለው ጠርገውት በምን አውቃለሁ? ከወንድ ጋር ካልሆነ ደሞ አይሰሙኝም። (ከገርጂ)

መልስ፦ እህቴ መማር የለብሽም፣ መጠየቅ ብቻ። መኪናውን ስታስረክቢ ‹‹የወጣውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ስጡኝ›› በያቸው፣ ሥራው ሳይጀመር ነው የምትይው፣ ካለቀ በኋላ ‹‹ጣልነው›› ነው መልሱ። በእያንዳንዱ ካሊፐር አንድ ቀለበት ጎሚኒና አንድ የአቧራ ጎሚኒ፣ ከነሱም ጋር ሁለት ሁለት የመዳብ ዋሸር መምጣት አለበት። የድሮው ቀለበት ጎሚኒ ጠፍጣፋና ደረቅ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጎማው ሳይገጠም እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ አዲስ የአቧራ ጎሚኒ ጥቁርና ንጹህ ነው፣ ዙሪያውን ሳይጠማዘዝ ፒስተኑን አቅፎታል። ዘይቱም ተቀይሮ ከሆነ ማጠራቀሚያው ውስጥ ንጹህ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሆናል፣ ቡና ከመሰለ አልተቀየረም። ከዛ ቤትሽ ድረስ ነድተሽ ስትቆሚ እጅሽን ቸርኬው ሳይነካ ቀረብ አድርጊው፣ ግራና ቀኙ እኩል ሞቃት መሆን አለባቸው። ከወንድ ጋር ካልሆነ አይሰሙኝም ያልሽውን አንብቤዋለሁ፣ ፌስታሉን ስትጠይቂ ግን ይሰሙሻል፣ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ነው ያለሁት፣ በካምሪ ነው ሥራ የምሠራው። እዚህ ታድሶ የመጣ ካሊፐር በርካሽ ይሸጣል፣ የድሮውን ስትመልስ የተያዘብህን ብር ይመልሱልሃል። አዲስ አበባ ሳለሁ ጎሚኒ ቀይሬ ነበር የምነዳው፣ እዚህም ያዋጣል? ባለቤቴ ፕሪየስም አላት።

መልስ፦ እዛ ከሆንክ ብዙ ጊዜ ታድሶ የመጣውን ግዛ። ሜሪላንድ ክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ጨው ያየ ካሊፐር ፒስተኑ ብቻ ሳይሆን የፒኑ ቤትም ሸራው የሚንሸራተትበትም ሁሉ ነው የሚበላው፣ ኪት ገዝተህ፣ ፒስተን ገዝተህ፣ ቀንህን አጥፍተህ ከምታገኘው ይሻላል፣ ሥራ ላይ ያለ መኪና ደሞ ቆሞ የሚውለው ቀንም ዋጋ አለው። ሲደርስህ ግን እንዳለ አትግጠመው፣ ፒኖቹን አውጥተህ ግሪስ መኖሩን እይ፣ የታደሰ ተብሎ ፒኑ ደረቅ ሆኖ የሚመጣ አለ፣ ግራና ቀኙንም ካርቶኑን ሳይሆን የአየር ማውጫዋን አቀማመጥ አይተህ እመን። በየዓመቱ ከክረምቱ በኋላ ፒኖቹን ብታጸዳቸው ካሊፐሩ ዕድሜ ያገኛል።

ፕሪየሱን ግን ተጠንቀቅ። ሃይብሪድ ስለሆነ ብዙውን ፍሬን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ባትሪውን ቻርጅ እያደረገ ስለሚይዘው ሸራና ካሊፐሩ ሥራ ፈተው ይዝጋሉ፣ ሸራው ገና አዲስ ሆኖ ፒኑ ተጣብቆ ታገኘዋለህ። የሚያሳስበኝ እሱ ሳይሆን ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ፓምፕ መሆኑ ነው፣ ቁልፉ ጠፍቶም በር ሲከፈት ፓምፑ ራሱ ሊነሳ ይችላል፣ አንተ እጅህን ካሊፐሩ ውስጥ አስገብተህ ማለት ነው። በቶዮታ መመሪያ መሠረት ፓምፑ እንዳይነሳ ሳታደርግ ሸራ እንኳን አትንካ፣ ዘይት ከከፈትክ ደሞ አየር ማውጣቱ በመመርመሪያ ማሽን ነው። ያንን ለሚያውቅ ስጠው።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ስወርድ ታች ልደርስ ስል ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ ትንሽ አቁሜ ሳሳርፈው ይመለሳል። ካሊፐር ነው?

መልስ፦ ዘይቱ ፈልቶብህ ነው፣ እና ከዚህ በኋላ አንድም ሰው ጭነህ ሳታስተካክለው እንዳትወርድ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ 140 ይወርዳል፣ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እግርህ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ስትወርድ ካሊፐሩ ይሄን ይደርስበታል፣ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ስትረግጠው ይታመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ዘይት ይሆናልና ደህና የሆነ ይመስልሃል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፣ ዶት 4 አድርገው፣ ከዶት 3 ጋር ይስማማል፣ ዶት 5 የተባለው ሲሊኮኑ ግን ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ከዛ አራቱም ጎማ መያዝ አለመያዙን አስመርምር፣ አንድ ካሊፐር ሳይለቅ ከዋለ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዘይቱን አሙቆት ነው የሚጠብቅህ።

አወራረዱንም ልንገርህ፣ ብታውቀውም። በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ልቀቅ እንጂ ላዩ ላይ አትተኛበት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ፣ ብሶም ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ አለ፣ ሞተር ሲጠፋ ቡስተሩ (ፔዳሉን የሚያቀልልህ) ውስጥ የቀረችው ቫኪዩም ለሁለት ለሦስት ርግጫ ብቻ ናት፣ ከዛ በኋላ ፔዳሉ እንጨት ይሆናል።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፣ ሻጩ ፍሬኑ አያልቅም ጥገናም አይፈልግም አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ በዝቷል። ሸራው ቶሎ አያልቅም የሚለው እውነት ነው፣ ጥገና አይፈልግም የሚለው ውሸት ነው፣ ከላይ ለፕሪየሱ ባለቤት ያልኩት ላንተም ይሠራል። በዓመት አንዴ ካሊፐሮቹ ይታዩ፣ ፒኖቹ ይጸዱ፣ የፍሬን ዘይቱም ብትነዳውም ባትነዳውም ውሃ ይጠጣልና በመኪናው መጽሐፍ ጊዜ ይቀየር፣ አንዳንዴም ባዶ መንገድ ላይ የሞተሩን መያዝ ቀንሰህ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ዲስኩ ላይ የተኛው ዝገት ይጠረግልሃል።